አበባየሆሽ በፒያኖ

መስከረም 1 ቀን ልጃገረዶች ከደጅ ደጅ እየዞሩ የሚያዜሙትን አበባየሆሽን በፒያኖ ለመጫወት የብዙ ዓመት ትምህርት አያሻም። ጥቁሮቹ ቁልፎች ሁለትና ሦስት እየሆኑ ተሰልፈው አምስት ድምፅ ይሰጣሉ፤ ትዝታ ቅኝትም በእነዚሁ አምስት ይገኛልና ጀማሪ ጣቱን በዚያ ያፍታታ።

እኔ ግን ዜማውን አንድ ድምፅ ሳልስት አጥንቼ ለእናቴ ብጫወትላት፥ «ልጄ፥ ይህ የማን አገር ዘፈን ነው?» ብትለኝ አፈርሁ። ለካ ጭብጨባውን ረስቼው ኖሯል! በማግሥቱ ቀኝ እጄን ለአውራጅዋ፥ ግራዬን ለተቀባዮቹና ለጭብጨባቸው ብሰጥ፥ እናቴ ስፌቷን አስቀምጣ ታጨበጭብ ጀመር።

አንባቢ ሆይ፤ ማስጌጥ ከዚህ በኋላ ነው፤ በሁለተኛው ዙር ድምፅ ጨምር፥ በሦስተኛው ዝግ በል። ተቀባዮቹን ግን ዝም አታሰኝ፤ ያለ እነርሱ አበባየሆሽ አይሆንም።