ተኝቶ የሞተው ፋን ክላች

አጎቴ መርሳ ውስጥ በሁለት ነገር ይታወቃል፤ በማንጎውና በመኪናው። መኪናዋ በዕድሜ እኔን የምትበልጥ ሎንግ ቤዝ ላንድክሩዘር ናት። እሱ "ልጄ" ይላታል። እኛ የእህትና የወንድም ልጆች ግን እሱ በማይሰማበት "አሮጊቷ" ነው የምንላት።

አዲስ አበባ ውስጥ የድሮ መኪና ቅዳሜ ተወልውላ ፎቶ የምትነሳ ጌጥ ልትሆን ትችላለች። ሀብሩ ውስጥ ግን አሮጊቷ ሠራተኛ ናት። ሽንኩርት ትጭናለች፣ ሙሽራ ታጅባለች፣ ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት ስትኖር ደግሞ የሚንኳኳው የአጎቴ በር ነው።

ባለፈው ሚያዝያ ሽንኩርት ጭነን ከመርሳ ወደ ወልዲያ እየወጣን ነበር። መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ስሪንቃን እንዳለፍን የሙቀት መለኪያው መርፌ ሽቅብ መውጣት ጀመረ። "ኧረ ጋሼ፣ መርፌውን እየው!" አልኩት። ቆምን፤ ኮፈኑን ስንከፍት እንፋሎት ብቻ። ጥፋተኛው ፋን ክላቹ ነበር።

አጎቴ አልደነገጠም። እንዲያውም ፈገግ አለ። ከሦስት ዓመት በፊት ሶማሌ ተራ ድረስ ሄዶ አንድ አዲስ ፋን ክላች ገዝቶ ነበር። ከነካርቶኑ ወንበር ሥር ተጋድሟል። "ሰው ማለት ለክፉ ቀን የሚያስቀምጥ ነው" አለኝ።

በማግስቱ ተገጠመ። በሦስተኛው ቀን አሮጊቷ እዚያው ዳገት ላይ ድጋሚ ፈላች። በዚህኛው ግን እንፋሎት ብቻ አልነበረም፤ ጓርኒሲዮኑ ተቃጠለ፣ ቴስታታው ተጣመመ። ወልዲያ ያለው መካኒክ አዲሱን ፋን ክላች ፈትቶ አገላብጦ አየው። ጀርባው በዘይት ወዝቷል። "ጋሼ፣ ይኼ ሞተር ላይ አይደለም የሞተው። እርስዎ ወንበር ሥር ተኝቶ ነው የሞተው" አለው።

እኔ የኢኮኖሚክስ ተመራቂ ነኝ፤ መካኒክ አይደለሁም። ግን ያቺ ዓረፍተ ነገር እንቅልፍ ነሳችኝና ነገሩን ተከታተልኩት።

ነገሩ እንዴት ነው የሚሠራው?

"ክላች" ሲባል እግር ሥር ያለውን ፍሪሲዮን እንዳታስቡ። ፋን ክላች በውሃ ፓምፑና በፋኑ መሀል የሚቀመጥ፣ ሣህን የሚያክል ክብ አሉሚኒየም ነው። ውስጡ ወፍራም የሲሊኮን ዘይት አለ። ፊቱ ላይ ደግሞ የሰዓት ሞላ የመሰለች ጥቅልል ብረት አለች። ከራዲያተሩ የሚመጣው አየር ሲሞቅ ሞላዋ ትዞርና ውስጥ ያለች ትንሽ በር ትከፍታለች። ዘይቱ ወደ ሥራ ክፍሉ ይፈስሳል፤ በውፍረቱ ይዞ ፋኑን ከሞተሩ ጋር ያዞረዋል። ሲበርድ በሯ ትዘጋለች፣ ፋኑም ይለግማል። ነዳጅ ይቆጥባል፣ ጩኸትም ይቀንሳል።

እንግዲህ ዘይቱ ከፈሰሰ ሞተሩ ይዞራል፣ ፋኑ ግን እንደነገሩ ነው የሚንቀሳቀሰው። ሜዳ ላይ በፍጥነት ስትነዱ የፊት ለፊቱ ነፋስ ስለሚያግዝ ላይታወቅ ይችላል። ጭነት ይዛችሁ ዳገት በዝግታ ስትወጡ ነው ጉዱ የሚፈላው። በዚያ ላይ አገራችን ከፍ ያለች ናት። ባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተር ክዳን ግፊት ይዞ የሚፈላበትን ነጥብ ከፍ የሚያደርገው ለዚህ ነው። ስለዚህ መኪናችሁ ስትፈላ ክዳኑን፣ ቴርሞስታቱን፣ ቺንጋውንና የራዲያተሩን መደፈን ሳታዩ ፋን ክላች ላይ ብቻ አትፍረዱ።

መሞቱን በምን ታውቃላችሁ?

ሞተሩ በደንብ ሞቆ ሳለ አጥፉት፣ ቁልፉን ንቀሉ፤ ከዚያ ፋኑን በእጅ አዙሩት። ጤነኛው ይከብዳል። ገፋ አድርጋችሁት ብቻውን ደጋግሞ ከዞረ አልቋል። ወደፊትና ወደኋላ ስትነቀንቁት ከተወዛወዘ ኩሽኔታው ተበልቷል። ፊቱ ላይ ዘይትና አቧራ ተጋግሮ ካያችሁም ያው ምልክት ነው። ሞተሩ እየሠራ ግን እጅም፣ ጨርቅም፣ እንጨትም እንዳታስጠጉ።

አቀያየሩ

የቶዮታው ቀላል ነው። ሞተሩ ይብረድ። የባትሪውን ነጋቲቭ ንቀሉ። የፋኑን መከለያ ፕላስቲክ አላሉ። ራዲያተሩ ፊት ጠንካራ ካርቶን አስገቡ፤ ቁልፍ ሸርተት ብሎ ራዲያተር ቢበሳ ሌላ ወጪ ነው። ቺንጋው ጠበቅ እንዳለ አራቱን ብሎኖች ፍቱ፤ ቺንጋው ከላላ ፓምፑ አብሯችሁ ይዞራል። ፋኑንና ክላቹን አንድ ላይ አውጡና ውጭ ለዩዋቸው። የፋኑ ክንፍ ስንጥቅ ካለው እሱም ይቀየር። አዲሱን ስትገጥሙ ብሎኖቹን በመስቀለኛ አጥብቁ። ጠዋት ስታስነሱ ለትንሽ ጊዜ ጮክ ብሎ ቢያጓራ አትደንግጡ፤ ሌሊት የወረደው ዘይት ወደ ቦታው እስኪመለስ ነው።

ፋኑን በብሎን ከክላቹ ጋር ጠፍሮ ማሰር የታወቀ መላ ነው። መንገድ ላይ ቀርታችሁ ቤት ለመድረስ ይሁን። በዚያው ኑሮ ማድረግ ግን ነዳጅ ይበላል፣ የውሃ ፓምፑንም ያደክማል። የፈሰሰበትን ክላች ከፍቶ መሙላትም ይቻላል፤ ለዚሁ በተሠራ የሲሊኮን ዘይት ከሆነ ብቻ። የሞተር ዘይት አይሆንም።

አጎቴን የበላችው ነጥብ

ፋን ክላች የሚቀመጠው መኪናው ላይ እንደሚገጠመው ቆሞ ነው። ተጋድሞ ሲከርም ዘይቱ ወደማይገባው ቦታ ይሄዳል፤ በኩሽኔታው በኩል ቀስ በቀስ ሾልኮ ይወጣል። ካርቶኑ አዲስ ነው፣ ዕቃው ግን ባዶ። ስለዚህ ከነካርቶኑ አቁሙት፣ ደረቅ ቦታ ይሁን፣ ላዩ ላይ ሌላ ዕቃ አትጫኑ። ሞላዋን ይዛችሁም አታንሱት፤ ከተጣመመች በሯን በሰዓቱ አትከፍትም። ተጋድሞ የመጣ ከሆነ ደግሞ ከመግጠማችሁ በፊት አቁማችሁ አሳድሩትና መፍሰስ አለመፍሰሱን እዩ።

አሁን ወደ ትምህርቴ ልመለስ። ጆርጅ አከርሎፍ የሚባል አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ አንድ ጽሑፍ አሳተመ፤ በ2001 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሦስቱ አንዱ ሆነ። አሜሪካውያን ብልሽቷ የማያልቅ መኪና "ሎሚ" ይሏታል (መርሳ ላይ ሎሚ ስድብ አይደለም)። ሐሳቡ ባጭሩ፦ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ ካላወቀ ጥሩውም መጥፎውም በአንድ ዋጋ ይሸጣል፣ በመጨረሻም ጥሩው ከገበያ ይወጣል። አጎቴ ክፍል ውስጥ ካጠናሁት አለፈ። እሱ ሻጭም ገዢም ሳይሆን የራሱን ዕቃ ሁኔታ አያውቅም ነበር። መደርደሪያ ላይ እንደ እንጀራ ተደራርበው የተኙ ፋን ክላቾች ስታዩ ይህንን አስታውሱ።

ጉዳዩ ወደፊት እየባሰ ነው የሚሄደው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ሁሉ በብር ተወደደ። የድሮ መኪኖቻችን ገና ብዙ ዓመት ይሠራሉ፤ መለዋወጫቸው ግን እየራቀ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው እንደ አጎቴ ለክፉ ቀን ገዝቶ ያስቀምጣል። ማስቀመጡ ጥሩ ነው። አቀማመጡን ካላወቅን ግን የቆጠብን እየመሰለን ገንዘባችን ካርቶን ውስጥ ይፈስሳል።

አሮጊቷ አንድ ወር ጋራዥ ከረመች። የዚያ ዓመት የሽንኩርት ትርፍ ቴስታታው ላይ አለቀ። አንድ ሌሊት የአጎቴ በር ተንኳኳ፤ ጎረቤታችን ምጥ ይዟት ነበር። መኪና የለም። ባጃጅ ፍለጋ ከተማውን ዞርን። ደግነቱ ተገኘ፤ እናትም ልጅም ደህና ናቸው። አጎቴ ግን ሲነጋም በረንዳው ላይ ቁጭ እንዳለ ነበር፤ ምንም አላለም።

አሁን አዲስ ፋን ክላች ገዝቷል። እህል ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ በሠራላት ትንሽ መደርደሪያ ቆሞ ተቀምጧል። ካርቶኑ ላይ በማርከር ትልቅ ቀስት ወደ ላይ ሥሎበት፣ ሥሩ "አታስተኙኝ" ብሎ ጽፎበታል።