በሰማያዊ ብርሃን ሥር የሚቀላ ዕጢ

ካንሰር የሚያወጣ ቀዶ ሐኪም ከሁሉም በላይ የሚተማመነው በዓይኑና በጣቱ ነው። የጡት ወይም የአንጀት ዕጢ ብዙውን ጊዜ ጠጠር ስለሚል በዳሰሳ ይገኛል፤ ጥርጣሬ ካለም ከዳሩ ትንሽ ጨምሮ መቁረጥ ይቻላል። አንጎል ውስጥ ይህ ሁሉ አይሠራም። ግሊዮብላስቶማ የሚባለው ክፉ የአንጎል ካንሰር መሐሉ ላይ ይለያል እንጂ ወደ ዳር ሲወጣ ከጤናማው ጋር እየተቀላቀለ ይሄዳል። በነጭ ብርሃን፣ በማይክሮስኮፕም ቢሆን፣ ድንበሩን መለየት ያስቸግራል። ሐኪሙ ቢያሳንስ ካንሰሩን ትቶ ይወጣል፤ ቢያበዛ ሕመምተኛው ሲነቃ መናገር ወይም እጁን ማንሳት ሊያቅተው ይችላል።

ለዚህ ከተገኙት መላዎች አንዱ የሚጠጣ ነው። 5-አሚኖሌቩሊኒክ አሲድ፣ በአጭሩ 5-አላ፣ ዱቄት ነው፤ በውኃ ይሟሟና ሕመምተኛው ማደንዘዣ ከመውሰዱ ሦስት ሰዓት ያህል አስቀድሞ በየኪሎ ክብደቱ 20 ሚሊግራም ይጠጣል። ሐኪሞች ግሊዮላን በሚለው የንግድ ስሙም ያውቁታል።

ነገሩን ደስ የሚያሰኘው 5-አላ ለሰውነት እንግዳ አለመሆኑ ነው። ሕዋሶቻችን ራሳቸው ይሠሩታል፤ ደምን ቀይ የሚያደርገው ሄም የሚዘጋጀው ከእርሱ ተነሥቶ ነው። በመንገዱ ላይ ፕሮቶፖርፊሪን 9 የሚባል ንጥረ ነገር ይፈጠራል፤ በመጨረሻም አንድ ኤንዛይም ብረት ያስገባበትና ሄም ይሆናል። ጤናማ አንጎል ከደም የሚመጣውን የሚያጣራ ግንብ ስላለው የተጠጣው መድኃኒት ብዙም አይደርስበትም። በክፉው ዕጢ ውስጥ ግን ግንቡ ተሸርሽሯል፤ ብረት የማስገባቱም ሥራ ደካማ ነው። ስለዚህ ፕሮቶፖርፊሪኑ ወደ ሄም ሳይለወጥ እዚያው ይከማቻል።

ይህ ንጥረ ነገር ደግሞ ከፍሎረሰንቶች ወገን ነው፤ አንድ ዓይነት ብርሃን ተቀብሎ በሌላ ቀለም መልሶ ይሰጣል። ባንክ ገንዘብ ተቀባይዋ ኖቱን ሐምራዊ መብራት ሥር ስታደርገው በተራ ብርሃን ያልነበረ ምልክት ቦግ እንደሚለው ማለት ነው።

ቀዶ ሕክምናው በተለመደው ነጭ ብርሃን ይጀመራል። ድንበሩ ሲያጠራጥር የክፍሉ መብራት ይቀነሳል፤ የማይክሮስኮፑ ብርሃን ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሰማያዊ፣ በ400 እና በ410 ናኖሜትር መካከል ያለው፣ ይሆናል። ማጣሪያው ሰማያዊውን ብዙውን ይይዝና 635 ናኖሜትር አካባቢ የሚመለሰውን ቀይ ወደ ሐኪሙ ዓይን ያሳልፋል። ጤናማው አንጎል ሰማያዊ እንደሆነ ይቀራል። ሕይወት ያለው የዕጢው ሥጋ ደማቅ ቀይ ይሆናል፤ የሞተው መሐሉ ግን አይበራም። ከቀዩ ወጣ ሲል ፈዘዝ ያለ ሮዝ ይመጣል፤ ካንሰሩና ጤናማው ተደባልቀው የሚገኙበት ዳርቻ ነው። ሙያው የሚፈተነው እዚህ ሮዝ ላይ ነው። ቀዩን ማንሣት ብዙ አያከራክርም፤ ሮዙ ግን የንግግር ወይም የእንቅስቃሴ ማዕከል አጠገብ ከሆነ ብርሃኑ "እዚህ ካንሰር አለ" ይላል እንጂ "ቁረጠው" አይልም። አንዳንዴ ሕመምተኛውን ሳያስተኙ እያናገሩ፣ በትንሽ ኤሌክትሪክ የአንጎሉን ሥራ እየፈተሹ የሚቀጥሉት ለዚህ ነው።

በሰማያዊው ብርሃን ብቻ መሥራት አይቻልም። የደም ሥሮች በደንብ አይታዩም፤ በላዩ የፈሰሰ ደም ደግሞ ቀዩን ይሸፍነዋል። ስለዚህ ሐኪሙ ነጭና ሰማያዊ እያፈራረቀ፣ እያጠበ፣ እንደገና እያየ ይሄዳል።

ሐሳቡ ራሱ ያረጀ ነው። ፍሎረሰንስ የሚለውን ስም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1852 ያወጣው የካምብሪጁ ጆርጅ ስቶክስ ነው፤ ከመረመራቸው ነገሮች አንዱ ለወባ የሚሰጠው ኪኒን ነበር። በ1940ዎቹ መጨረሻ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ጆርጅ ሙር የአንጎል ዕጢን በፍሎረሲን ለማየት ሞከረ፤ የዓይን ሐኪሞች ዛሬም ቁስል ለመፈለግ ዓይን ላይ የሚያደርጉት ቢጫ ቀለም ነው። 5-አላ በሰፊው የተመዘነው ግን በጀርመን ነው። በቫልተር ሽቱመር የተመራው ጥናት በ2006 ሲታተም ውጤቱ የ270 ሕመምተኞች ነበር። በሰማያዊ ብርሃን ከታከሙት 65 በመቶው፣ በነጭ ብርሃን ብቻ ከታከሙት 36 በመቶው በኤምአርአይ የሚታይ ዕጢያቸው ሙሉ በሙሉ ወጣላቸው። ስድስት ወር ድረስ ካንሰሩ ሳይብስባቸው የቆዩት 41 እና 21 በመቶ ገደማ ነበሩ። አውሮፓ በ2007፣ አሜሪካ በ2017 መድኃኒቱን አጸደቁ።

ዜናውን የሚያወሩ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማሉ። በዚያው ጥናት ሁለቱ ወገኖች ከቀዶው በኋላ በሕይወት የቆዩበት ጊዜ በጉልህ አልተለያየም። ግሊዮብላስቶማ ቀዩ ካለቀበት ቦታ አልፎ የሚሄድ በሽታ ነው፤ ብርሃኑ የቀዶውን ሥራ ያሻሽላል እንጂ በሽታውን አይነቅልም። ዝግ ብለው የሚያድጉት የአንጎል ዕጢዎች ደግሞ አብዛኞቹ ጨርሶ አይበሩም። አለመብራት ንጹሕ የመሆን ማስረጃ አይደለም ማለት ነው።

ሰማያዊ ብርሃን ሥጋ ውስጥ ዘልቆ አለመግባቱም ድክመቱ ነው፤ የሚያሳየው ላይ ላዩን ነው። ዓይን ወደማያየው ኢንፍራሬድ የተጠጉ ቀለሞች ለዚህ ይሻላሉ፤ ብርሃናቸው በርካታ ሚሊሜትር ያልፋል፤ ግን በካሜራና በስክሪን እንጂ በዓይን አይታይም። አንጋፋው ኢንዶሳያኒን ግሪን ነው፤ በአሜሪካ የጸደቀው በ1959 ነው። ካንሰርን ለይቶ አይዝም፤ ደም የት እንደሚደርስና ከዕጢው የሚወጣው ፈሳሽ መጀመሪያ የትኛው ንፍፊት ውስጥ እንደሚገባ ያሳያል። ይህም ቢሆን ቀላል ውለታ አይደለም።

ከዚያ በኋላ የመጡት ካንሰሩን ራሱን እያሳደዱ ይለጠፋሉ። በ2021 መጨረሻ በአሜሪካ የጸደቀው ሳይታሉክስ ከፎሊክ አሲድ ዘመድ ጋር የተጣበቀ ቀለም ነው፤ በእርግዝና ክትትል ላይ ለእናቶች ከብረት ጋር የሚሰጠው ያው ቫይታሚን። የብዙ እንቁላል ማኅደር ካንሰሮች ሕዋሳት የፎሊክ አሲድ መቀበያቸው ስለሚበዛ ቀለሙን ይስቡታል። ለፈቃዱ መሠረት በሆነው ጥናት ከ134ቱ ሴቶች 26.9 በመቶው ላይ በዓይንም በእጅም ያልተገኘ ቢያንስ አንድ የካንሰር ቦታ ታየ። ካንሰር ያልሆኑ ቦታዎችም በርተዋል፤ የተቆረጠውን ፓቶሎጂስት ካላየው በስተቀር ወሬው አያልቅም።

ለጡት ካንሰር በ2024 የጸደቀው ሉሚሳይት ደግሞ ዕጢው የሚያበዛቸው ኤንዛይሞች እስኪቆርጡት ድረስ ጠፍቶ የሚቆይ ቀለም ነው። በጥናቱ ዕጢው ወጥቶ ቦታው ሲፈተሽ ከ357 ሴቶች በ27ቱ ላይ የተረፈ ካንሰር ተገኝቶ እዚያው ተነሣ። ያለዚህ እነዚያ ሴቶች ምናልባት ለሁለተኛ ቀዶ ይመለሱ ነበር፤ ምናልባትም የቀረው ሳይታወቅ ይኖር ነበር። በሌላ በኩል ቀለሙ በጥቂቶች ላይ ለሕይወት የሚያሰጋ አለርጂ ሊያስነሣ ስለሚችል ማስጠንቀቂያው በሣጥን ውስጥ ተጽፎበታል። ጥቅሙም አደጋውም ለሴትየዋ የሚነገሩት ገና ቀለሙን ከመወጋቷ በፊት ነው።