ማኅበር በአንድ አሳብ እንዴት ይሄዳል?

መንገደኞች አብረው ሲጓዙ አስቀድመው ወዴት እንደሚሄዱ ይስማማሉ። አንዱ ወደ ደጋ፥ አንዱ ወደ ቆላ ቢል ግን ጉባኤያቸው ይፈርሳል፤ ደካማውም በመንገድ ይቀራል። የክርስቲያን ማኅበርም እንዲሁ ነው። ምእመናን በአንድ ቤት ስለ ተሰበሰቡ ብቻ አሳባቸው አንድ አይሆንም። ሁሉም አጥብቀው የሚይዙት ነገር ምን እንደ ሆነ፥ ነገም ወዴት እንደሚሄዱ አብረው መመርመር ይገባቸዋል።

የኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን ይህን የተማረችው በችግር ጊዜ ነው። ታሪኩ በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 6 ተጽፎ ይገኛል። በዚያን ዘመን ምእመናን እየበዙ ሄዱ። እኩሌቶቹ የግሪክን ቋንቋ፥ እኩሌቶቹም የዕብራውያንን ቋንቋ ይናገሩ ነበር። ለመበለቶች በየቀኑ ምግብ ሲታደል የግሪክ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ተዘነጉ። ስለዚህ ወገኖቻቸው አጉረመረሙ። ነገሩ ትንሽ አልነበረም፤ ቸል ቢባል ኖሮ መበለቶቹ በረኃብ፥ ማኅበሩም በመለያየት ይጎዱ ነበር።

ዐሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ግን የሚያጉረመርሙትን ዝም አላሰኙም፤ ማኅበሩን ሁሉ ጠሩ እንጂ። በምክራቸውም ሊተው የማይገባው ነገር ተለየ። የእግዚአብሔርን ቃል ማስተማር አይተውም፤ መበለቶችን መመገብም አይተውም። ሐዋርያት ሁለቱን ሥራ ብቻቸውን ሊፈጽሙ ስላልቻሉ፥ መልካም ስምና ጥበብ ያላቸውን ሰባት ሰዎች ማኅበሩ እንዲመርጥ አዘዙ። የተመረጡት ሰዎች ሁሉ ስማቸው የግሪክ ስም ነው። ስለዚህ ማኅበሩ የቅሬታ አቅራቢዎቹን ወገኖች አምኖ ሥራውን በእጃቸው የሰጠ ይመስላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው እንደሚባለው፥ ሥራው በተከፈለ ጊዜ ቀለለ፤ የምእመናንም ቍጥር በዛ።

ከሰባቱ አንዱ ፊልጶስ ነበረ። እርሱ ማዕድ እንዲያገለግል ተመረጠ፤ ኋላ ግን ወደ ጋዛ በሚወስደው መንገድ የህንደኬን ጃንደረባ፥ ኢትዮጵያዊውን ሰው አስተምሮ አጠመቀው። እንግዲህ ስለ መበለቶች እንጀራ የተደረገው ምክር ፍሬው ምን ያህል ሩቅ እንደ ሄደ ይታያል።

በአገራችንም እንዲህ ያለ ምክር ተደርጓል። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1951 ዓመተ ምሕረት ተመሠረተች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በውጭ አገር ያሉ ረዳቶቿ ለትምህርት ቤትና ለሕክምና ከሚሰጡት ይልቅ ለወንጌል ሥራ የሚሰጡት ገንዘብ አነሰ። ቤተ ክርስቲያኒቱም በ1964 ዓመተ ምሕረት ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ደብዳቤ ጻፈች። በዚያን ጊዜ ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። የደብዳቤው አሳብ ሰው ሥጋም ነፍስም ስለ ሆነ፥ እርሱን መርዳትና ወንጌልን ማስተማር ሊለያዩ አይገባም የሚል ነበር። ገንዘብ ሰጪው የወደደውን ብቻ ከመከተል ይልቅ፥ ራሷ ያመነችበትን መርምራ ገለጠች።

ከዚህ የምንማረው ሦስት ነገር ነው። መጀመሪያ፥ የተበደለው ሰው ይሰማ። ሁለተኛ፥ ሊተው የማይገባው ነገር በጸሎትና በምክር ይለይ። ሦስተኛ፥ ሥራው ለብዙዎች ይከፈል።

ልጆች ሆይ፥ በቤታችሁና በትምህርት ቤታችሁም እንዲሁ አድርጉ። ሲያጉረመርም የምትሰሙትን ባልንጀራ አትናቁት። ማኅበሩ ሁሉ ያላየውን ጕድለት እርሱ አይቶ ይሆናልና።