ጣውንት፣ ውሽማና ቫይረስ

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ካገቡ ሴቶች 11 በመቶዎቹ ጣውንት አለባቸው። ሶማሌ ክልል ጣውንትነት በጣም ከሚዘወተርባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በዚያው ጥናት ደም ሲመረመር ግን ኤችአይቪ ከሁሉም ያነሰው እዚያው ሶማሌ ክልል ሆኖ ተገኘ፤ ከ1,000 ሰው አንድ እንኳ አይሞላም። ብዙ ሚስት ማግባት ነውር ያልሆነበት ጋምቤላ ደግሞ 4.8 በመቶ አስመዝግቦ ከአገሪቱ አንደኛ ሆነ።

«ብዙ ሚስት በሽታ ያመጣል» የሚለው ስብከት እዚህ ላይ ይደናቀፋል።

አንድ ባልና ሁለት ሚስቶች ሦስቱም ጤነኛ ከሆኑ፣ አንዳቸውም ከቤት ውጭ ካልሄዱ፣ ቫይረሱ ሃያ ዓመት ቢጠብቅም መግቢያ የለውም። አንድ ሚስት ብቻ ያለው፣ ነገር ግን ሌላ ከተማ ውሽማ ያስቀመጠ ነጋዴስ? ውሽማይቱም ሌላ ወዳጅ ይኖራታል፤ ያም ወዳጅ ሚስት አለችው። ሰውየው ከአንዷ ተለያይቶ ወደ ሌላዋ ቢሄድ ኖሮ የያዘውን ወደፊት ብቻ ነበር የሚያደርሰው። ሲመላለስ ግን ወደኋላም ይመልሰዋል። በተለይ አዲስ የተያዘ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደሙ በቫይረስ የተሞላ ነው፤ ጣት ተወግቶ የሚደረገው ፈጣን ምርመራ ግን ያኔ ገና «ነፃ ነህ» ሊለው ይችላል። ምልልሱ በእነዚያ ሳምንታት ከሆነ ወዮለት።

ሬኒርስና ዋትኪንስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ብዙ ሚስት ማግባት በተለመደባቸው አገሮች ኤችአይቪ ዝቅ ብሎ እንደሚታይ አሳይተዋል። ትስስሩ እዚያው ቤት ውስጥ ይዘጋል፤ ባልም በተራ ስለሚያድር ከእያንዳንዷ ጋር የሚገናኘው ጥቂት ነው። ለአገር የበጀው ግን ለቤተሰቡ ላይበጅ ይችላል። ማላዊ ውስጥ ጣውንት ያለባቸው ሴቶች ከሌሎቹ ይልቅ በቫይረሱ ተይዘው ተገኝተዋል። ኋላ የሚገቡት ሚስቶች ብዙ ጊዜ ፈት ወይም ባል የሞተባቸው ናቸው፤ አንዳንዶቹ ቫይረሱን ከቀድሞው ትዳራቸው ይዘውት ይመጣሉ። ከደጃፏ ሳትወጣ የኖረችው ቀዳሚት ሚስት በባሏ በኩል ይደርሳታል።

ወደ ጋምቤላ ስንመለስ፣ በኑዌር ዘንድ የሟች ወንድም ባልቴቲቱን ይወርሳል። ሶማሌዎችም «ዱማል» የሚሉት ተመሳሳይ ልማድ አላቸው፤ ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በውርስ ማሳበብ አይቻልም። ልማዱ የሚያሻግረው በማኅበረሰቡ ውስጥ ያለውን ነው። አንዱ ልዩነት ግርዛት ነው፤ በሶማሌ ወንድ መገረዝ ግዴታ ሲሆን ኑዌርና አኝዋክ ግን በባህላቸው አይገርዙም። በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያና በኡጋንዳ የተደረጉ ሦስት ሙከራዎች ደግሞ ግርዛት የወንዱን የመያዝ ዕድል በ60 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አረጋግጠዋል።

ይህ ሁሉ ለጣውንትነት ጥብቅና መቆም አይደለም። በእስራኤል የኔጌብ በረሃ ቤዱዊኖች መካከል በተደረጉ ጥናቶች ጣውንት ያለባቸው ሴቶች ድባቴው በርትቶባቸው ታይቷል፤ ይህን ደግሞ የደም ምርመራ አያሳየውም። በእኔ ግምት፣ ለቫይረሱ ከታወቀች ጣውንት ይልቅ የተደበቀች ውሽማ ትመቸዋለች፤ የምትታወቀዋን ቢያንስ ማስመርመር ይቻላል። ችግሩ ከጋብቻ በፊት ምርመራ የሚጠየቁት ሙሽሮቹ ብቻ መሆናቸው ነው። ባል ሌላ ሊያገባ ሲነሳ አዲሲቱም፣ እሱም፣ ቤት ያሉትም ሚስቶች አብረው ሊመረመሩ ይገባል፤ ከሦስት ወር በኋላም እንደገና።