ለአስም የሚሰካው መርፌ

ታካሚው በደረቱ ይተኛና ራሱን ዝቅ ያደርጋል። ባለሙያው ከአንገት ሥር ጉብ ብሎ የሚታየውን አጥንት በጣቱ ዳስሶ ያገኘውና ከዚያ ተነስቶ ይለካል። ከአጥንቱ በታች ያለችው ጎድጎድ ያለች ቦታ ዳጁይ ትባላለች፤ ከአጥንቱ ጎን በግማሽ ጹን ርቀት ዲንግቹዋን አለ፤ ወረድ ብሎ ከሦስተኛው የጀርባ አጥንት ግራና ቀኝ በአንድ ተኩል ጹን ላይ ፌይሹ ይገኛል። አንድ ጹን የታካሚው የራሱ አውራ ጣት ስፋት ስለሆነ የልጁ መለኪያ ለአባቱ አይሠራም። በቻይና አስም በአኩፓንክቸር ሲታከም እነዚህ ነጥቦች ተደጋግመው ይመረጣሉ።

መርፌው መድኃኒት አይሰጥም፤ ቀዳዳም የለውም። ከማይዝግ ብረት የተሠራ ሆኖ ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሲገባ እምብዛም አያምም፤ ከገባ በኋላ ግን ቦታው ይከብዳል፣ ይደነዝዛል፤ ቻይኖች ይህን ስሜት ደቺ ይሉታል፣ ካልመጣም መርፌውን በጣታቸው እያሾሩ ይጠብቁታል። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ተሰክቶ ይቆያል። አንዳንዱ ሐኪም በዚያው ላይ ሞክሳ ያጨሳል፤ ሞክሳ የእኛው ጭቁኝ ዘመድ ከሆነ ተክል ቅጠል የሚዘጋጅ ነው።

ነጥቦቹን ማወቅ ትልቅ ፈተና ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1027 ዋንግ ዌይዪ የተባለ የቤተ መንግሥት ሐኪም ቁመቱ የሰው ያህል የሆነ የነሐስ ሰው አሠርቶ ነጥቦቹን ቀዳዳ አድርጎ አሳየበት። እንደሚነገረው ለፈተና ሰሞን ላዩ በሰም ይለበጣል፣ ውስጡ ፈሳሽ ይሞላል፤ ተማሪው ቦታውን ካገኘ ፈሳሹ ይወጣል፣ ከሳተ መርፌው ነሐሱን ይመታል።

አስም ሲነሳ ሰው የሚያውቀው ሲር ሲር የሚለውን ትንፋሽና የደረቱን መታፈን ነው። ከሥሩ ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛው በአየር ቧንቧው ዙሪያ ያለው ጡንቻ መኮማተር ነው፤ ብዙዎች ፓፍ የሚሉት ሳልቡታሞል በደቂቃዎች ውስጥ የሚፈታው እሱን ነው። ሁለተኛው ብግነት ነው፤ የቧንቧው ግድግዳ ያብጣል፣ ኢዮሲኖፊል የተባሉ ነጭ የደም ሴሎች ይከማቹበታል፣ አክታ ይበዛል። ብግነቱ ሕመሙ ጋብ ባለበት ሳምንትም እዚያው ሊቆይ ይችላል። በየቀኑ የሚሳበው ስቴሮይድ የሚታዘዘው ለዚህ ነው፤ ታካሚው «ተሽሎኛል» ብሎ ቀድሞ የሚተወውም ይህንኑ ነው።

ታዲያ መርፌው የትኛውን ይነካል? ከቤተ ሙከራ የመጣው መልስ ያጓጓል። በእንቁላል ፕሮቲን አማካይነት አስም መሰል ሕመም እንዲይዛቸው በተደረጉ አይጦች ላይ መርፌው በሳንባ የሚከማቹትን ኢዮሲኖፊሎች እንደሚቀንስ ያዩ ጥናቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ሥራ ደግሞ አንድ መንገድ አሳየ፤ በአይጥ የኋላ እግር ላይ ያለን ነጥብ በቀላል ኤሌክትሪክ ሲያነቃቁት መልእክቱ በተወሰኑ የስሜት ነርቮች ወደ አንጎል፣ ከዚያም በቬገስ ነርቭ ወደ አድሬናል ዕጢ ሄዶ የሰውነትን ብግነት አበረደ። ሆድ ላይ የተደረገው ተመሳሳይ ማነቃቂያ ይህን አላደረገም። ጥናቱ ግን የአስም አልነበረም።

ከሁሉ የሚገርመኝ የሻንጋይ ተመራማሪዎች ታሪክ ነው። ለአስም የሚሰጠውን አኩፓንክቸር መነሻ አድርገው በሳንባ ውስጥ ምን እንደሚለወጥ ሲፈልጉ ሜታሎታይኒን-2 የተባለ ፕሮቲን ላይ ደረሱ፤ አስም ባለበት ሳንባ ውስጥ መጠኑ ያነሰ ነው። ፕሮቲኑ ትራንስጄሊን-2 ከተባለ ሌላ ፕሮቲን ጋር ሲጣመር የቧንቧው ጡንቻ ይላላል። እነሱም በዚያው በኩል የሚሠራ ቲኤስጂ12 የሚባል ውህድ አግኝተው እ.ኤ.አ. በ2018 አሳተሙ። ልብ በሉ፣ ይህ መንገድ የጡንቻውን መኮማተር እንጂ ብግነቱን አይደለም በዋናነት የሚነካው፤ ውህዱም መርፌ አያስፈልገውም። የቻይና ሕክምና ከዚህ በፊትም እንዲህ አድርጓል፤ ማሁዋንግ ከተባለው ተክል የወጣው ኤፌድሪን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ለአስም በሰፊው ታዝዞ ነበር።

ወደ ሰው ስንመጣ ነገሩ ይለዝባል። በጀርመን እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት የአለርጂ አስም ያለባቸው ሰዎች ከተለመደው ሕክምናቸው ጋር በሦስት ወር ውስጥ እስከ 15 ጊዜ መርፌ ሲደረግላቸው ኑሯቸው እንደቀለላቸው ተናገሩ። ነገር ግን የማስመሰያ መርፌ የተደረገለት ቡድን ስላልነበረ የተሻላቸው በመርፌው ይሁን በተደረገላቸው እንክብካቤ መለየት አይቻልም።

በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 ቦስተን የተሠራው ጥናት ዓይን ይከፍታል። 39 የአስም ታካሚዎች አራት ነገር በተራ በተራ ተሞከረላቸው፦ እውነተኛ ሳልቡታሞል፣ መድኃኒት የሌለው ፓፍ፣ የማስመሰያ መርፌ፣ ያለ ምንም ሕክምና ቁጭ ብሎ መጠበቅ። «ምን ያህል ተሻለህ?» ሲባሉ ለሳልቡታሞል 50፣ ለባዶው ፓፍ 45፣ ለማስመሰያው መርፌ 46 በመቶ መሻሻል ተናገሩ፤ ዝም ብሎ ለመጠበቁ 21። በመሣሪያ ሲለካ ግን በአንድ ሰከንድ የሚያስወጡት አየር በሳልቡታሞል 20 በመቶ ሲጨምር፣ በሦስቱ በሌሎቹ ግን 7 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ሰውዬው አልዋሸም፤ በእርግጥ ቀሎታል። ቧንቧው ግን እንደጠበበ ነው። በራስ ምታት ቢሆን «ቀለለኝ» ማለት ይበቃ ነበር፤ በአስም ግን ሳይሰማ የጠበበ ቧንቧ ሌሊት ሊገድል ይችላል።

የቻይና የሕክምና ቡድኖች እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ ሲመላለሱ ኖረዋል፤ አዲስ አበባ ውስጥ በጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም አኩፓንክቸር ይሰጣሉ። መሞከር የፈለገ የአስም ታካሚ ስቴሮይዱን ሳያቋርጥና ፓፉን ከኪሱ ሳይለይ ይሂድ፤ መሻሻሉንም በስሜቱ ብቻ ሳይሆን በትንፋሽ መለኪያ ያስመዝን። መርፌው ከእሽጉ እፊቱ የሚወጣና አንዴ ተሠርቶበት የሚጣል መሆኑንም ይይ።

ፌይሹ ያለበት ቦታ ከሥሩ ሳንባ ስለሆነ የሠለጠነ ባለሙያ መርፌውን ወደ አከርካሪው አዘንብሎ፣ ሳያጠልቅ ይሰካዋል። ጠልቆ ሳንባውን ከነካ አየር ወደ ደረት ክፍተት ይገባና ሳንባው ሊሟሽሽ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ አይደርስም፣ ግን ደርሶ ያውቃል። የአስም ታካሚ ላይ ሲደርስ ደግሞ አስሙ የተነሳበት ይመስላል። ከመርፌው በኋላ በሰዓታት ውስጥ በአንድ ጎን የሚወጋ ውጋትና በፓፍ የማይፈታ የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ታካሚው ወደ ድንገተኛ ክፍል ሄዶ ጀርባው ላይ መርፌ እንደተሰካበት መናገር፣ የደረት ኤክስሬይም እንዲነሳ መጠየቅ አለበት።