ሙታንን ስለ ማሰብ በልዩ ልዩ አገር የሚደረገው በዓል

የሰው ልጅ በቋንቋና በመልክ፥ በመብልና በልብስ ቢለያይም፥ የሞቱበትን ዘመዶቹን በማሰብ ግን አንድ ነው። ብዙ ሕዝቦች ለዚህ ነገር ቀን ቈርጠው፥ ማዕድ አዘጋጅተው፥ ኀዘኑን ከደስታ ጋራ አስተባብረው ያከብሩታል። ይህንም ማወቅ ለአስተማሪና ለአገር ሽማግሌ ይጠቅማል፤ የሌላውን ልማድ የተረዳ ሰው የራሱን ልማድ ለመመርመር ይችላልና።

መዠመሪያው በአሜሪካ ክፍለ ዓለም ያለው የሜክሲኮ ሕዝብ ልማድ ነው። በዚያ አገር ጥቅምት 22 ቀን በሕፃንነታቸው የሞቱት፥ በማግሥቱም ጥቅምት 23 ቀን አዋቂዎቹ ይታሰባሉ። የቤቱ ሰዎች ገበታ ዘርግተው የሟቹን ሥዕል ያኖራሉ፤ ሻማ ያበራሉ፤ ውሃና ጨው፥ ለበዓሉ የተጋገረ ዳቦ፥ ሟቹም በሕይወቱ ይወደው የነበረውን መብል ያቀርባሉ። ከደጅ እስከ ገበታው ድረስ ብጫ አበባ ይበትናሉ፤ የአበባው መልክና ሽታ ነፍስን ወደ ቤቷ ይመራታል ይላሉና። መቃብሩንም ጠርገው በአበባ ያስጌጣሉ፤ በብዙ ስፍራም ሌሊቱን በዚያው ያድራሉ። ይህ ሥርዓት ከጥንቱ ከአገሬው ልማድና ስፔኞች ካመጡት ከካቶሊክ በዓል ተዋሕዶ የተገኘ ነው። በ2001 ዓ.ም. ዩኔስኮ በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ ጻፈው።

በጃፓን አገር ደግሞ ቦን የሚባል በዓል አለ። በብዙው ክፍል የሚከበረው ከነሐሴ 7 እስከ ነሐሴ 10 ቀን ነው። በመዠመሪያው ቀን የቀደሙትን አባቶች ለመቀበል በደጅ እሳት ያነዳሉ፤ በመጨረሻውም ቀን ለመሸኘት እንዲሁ ያደርጋሉ። በብዙ ቤት በኪያርና በደበርጃን ላይ የእንጨት እግር ይተክላሉ። ኪያሩ ፈረስ ነው፥ ነፍሳት ፈጥነው እንዲመጡ፤ ደበርጃኑም በሬ ነው፥ ሲመለሱ ቀስ ብለው እንዲሄዱ። በመንደሩም አደባባይ ሽማግሌውና ልጁ በአንድነት ክብ ሠርተው ይዘፍናሉ።

በቻይና የሙታን መታሰቢያ በጸደይ፥ መጋቢት 26 ወይም 27 ቀን ገደማ ይውላል። ስሙም ጪንግሚንግ ይባላል። ቤተ ሰቡ ኹሉ ወደ መቃብር ወጥቶ አረሙን ይነቅላል፥ ድንጋዩን ያጸዳል፥ መብል ያቀርባል፥ በገንዘብ አምሳል የተሠራ ወረቀትም ያቃጥላል። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በአገሪቱ መንግሥት ዘንድ ሥራ የማይሠራበት በዓል ኾኗል።

በማዳጋስካር ደጋ የሚኖሩ ሰዎች ልማድ ከእነዚህ ይለያል። በየ5 ወይም በየ7 ዓመቱ፥ ዝናብ በሌለበት ወራት፥ መቃብሩን ከፍተው ዐፅሙን ያወጣሉ፤ በአዲስ የሐር ጨርቅም ጠቅልለው በሙዚቃና በዘፈን ይመልሱታል። በሩቅ አገር ያለው ዘመድም ለዚሁ ይሰበሰባል። ነገር ግን ወጪው እጅግ ከባድ ስለ ኾነ ብዙ ቤተ ሰብ ገንዘቡን ለዓመታት ሲያጠራቅም ይኖራል። በ2010 ዓ.ም. መዠመሪያ ቸነፈር በተነሣ ጊዜም የጤና ሹማምንት በዚያ በሽታ የሞተውን ሰው መቃብር መክፈት አደጋ እንዳለበት ሕዝቡን አስጠነቀቁ።

በኢትዮጵያም ተዝካር አለ። ቃሉ ዘከረ፥ ማለት አሰበ፥ ከሚለው ከግእዝ ግስ የወጣ ነው። በ40 ቀን፥ በ80 ቀን፥ በሙት ዓመት፥ በ7 ዓመትም ጸሎትና ቅዳሴ ይደረጋል፤ ካህናት፥ ዘመዶችና ድኆችም ይበላሉ። የሥርዓቱ መሠረት ጸሎትና ምጽዋት ነው። ኾኖም «እገሌ የአባቱን ተዝካር አላወጣም» መባልን በመፍራት የእርሻውን በሬ የሸጠ፥ በወለድም የተበደረ ብዙ ነው። ሰው የማይቀርበት ድግስ በአንድ ቀን ያልቃል፤ ዕዳውን ግን ባልቴቲቱና የሙት ልጆቹ ለዓመታት ይከፍሉታል። ድኆችን ለማብላት የተሠራ ሥርዓት የሟቹን ልጆች ድኆች ካደረገ ከታሰበለት ነገር ወጥቷል። ስለዚህ ሽማግሌዎች የቤቱን ዐቅም አይተው ወጪውን ቢወስኑ፥ ባለቤቶቹም ያለ ኀፍረት በጥቂቱ ቢያደርጉት፥ የሟቹ ክብር አይጐድልም። የሜክሲኮ ሰው በገበታው ላይ ውሃና ጨው ያኖራል፤ የጃፓኑም ከጓሮው አትክልት ፈረስ ይሠራል፤ ይህን በማድረጋቸው አባቱን ናቀ የሚላቸው የለም።

በእነዚህ ልማዶች ኹሉ ውስጥ አንድ ሌላ ነገር አለ። ልጆች ከሽማግሌዎች ጋራ ቆመው ያላዩዋቸውን አያቶች ስም ይሰማሉ። በኢትዮጵያም ብዙ ሰዎች ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ትውልድ ይቈጥራሉና ይህ ዕውቀት በሽማግሌዎች ዘንድ ይገኛል። አስተማሪም ተማሪዎቹን ወደ ቤታቸው ልኮ የአባታቸውንና የእናታቸውን ወገን ስም፥ የኖሩበትን ስፍራና የሠሩትን ሥራ ጠይቀው እንዲጽፉ ቢያዝዝ፥ መታሰቢያው ያለ ምንም ወጪ ይደረጋል። ሽማግሌው ሳይጠየቅ የሞተ እንደ ኾነ ግን ያን ስም የሚነግር ሰው አይገኝም።