«ዘሯ ነው» ለምትሉኝ

በሐምሌ ሙቀት ምላሷ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ዞሮ ያመጡልኝ የቺን ዝርያ ውሻ ከሐሳቤ አልወጣ ብላለች። ከመኪና ማቆሚያው እስከ ክሊኒኩ በር በእግሯ መምጣቷ ነው እንዲያ ያደረጋት። ኦክስጅን ሰጥተን፣ አቀዝቅዘናት ተረፈች። ባለቤቷ ግን «ዶክተር፣ እሷ እኮ ሁሌም ታንኮራፋለች፤ ዘሯ ነው» አሉኝ።

ይህቺ መልስ ሰልችታኛለች። ከኋላዋም ያው ታሪክ ይከተላል፦ ቺን የጃፓን ቤተ መንግሥት ውሻ ነው፣ ከሺህ ዓመት በፊትም መልኩ ይኸው ነበር፣ ተፈጥሮን ምን ማድረግ ይቻላል?

የዘሩ አመጣጥ ግን የሚወራውን ያህል አልጠራም። አንዱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ732 ከኮሪያ ለጃፓን ቤተ መንግሥት በገጸ በረከት ቀረበ ይላል፤ ሌላው ከቻይና ያመጣዋል። ያም ሆነ ይህ፣ የጃፓን መኳንንት ያረቡት ለአደን ወይም ለጥበቃ ሳይሆን እቅፍ ላይ እንዲቀመጥ ነው፤ ማን ከማን ይዳቀል የሚለውንም የወሰኑት ሰዎች ናቸው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል አዛዥ የነበረው ኮሞዶር ፔሪ በ1854 ጃፓንን በሯን ካስከፈታት በኋላ ወደ ምዕራቡ ዓለም ተሻገረ። የአሜሪካ ኬኔል ክለብ በ1888 መዘገበው፤ እስከ 1977ም «የጃፓን ስፓኒየል» ሲለው ቆየ። የክለቡ መስፈርት አፈሙዙ (ወደ ፊት የወጣው አፍና አፍንጫው) አጭርና ሰፊ ይሁን ይላል፤ የተደነቀ እንዲመስልም በዓይኑ ውስጠኛ ጥግ ትንሽ ነጭ ይታይ ይላል። ዳኛ ነጥብ የሚሰጥበትን መልክ «ተፈጥሮ» ሲሉብኝ ትዕግሥቴ ያልቃል።

አፈሙዙ ሲያጥር ለስላሳው ላንቃ አብሮት አላጠረም። ትርፉ ሥጋ የጉሮሮውን በር ይጋርዳል፤ የአፍንጫው ቀዳዳም ጠብቦ ስንጥቅ ያህል ይቀራል። ማንኮራፋት የምትሉት በዚያ ጥበት የሚታገል አየር ነው። ውሻ ደግሞ እንደ እኛ በላብ አይቀዘቅዝም፤ ማለክለክ አለበት። መተንፈሻው የጠበበ ውሻ በምን ያለክልክ? ደግሞም ቀዳዳቸው ክፍት የሆነ፣ ተኝተው ድምፃቸው የማይሰማ ቺኖችን አክማለሁ። እነሱስ ዘራቸው ሌላ ነው?

ዘሩን ዘር የሚያሰኘው ጠባይማ ሞልቷል። እንደ ድመት ፊቱን በመዳፉ ይታጠባል፤ ሶፋ መደገፊያ ላይ ወጥቶ ቤቱን ቁልቁል ይቃኛል፤ ደስ ሲለው ባለበት ይሽከረከራል። በዚህ አንድም ሰው ሲመካ አልሰማሁም።



ቡችላ ልትገዙ ስትሄዱ እናቱን ትንሽ አስሩጡና ትንፋሿን ስሙ። ቤታችሁ ያለው የሚያንኮራፋ ከሆነ ደግሞ ተኝቶ ሳለ ድምፁን በስልክ ቀድታችሁ አምጡልኝ። የአፍንጫውን ቀዳዳ ማስፋት፣ ትርፉን ላንቃ መቁረጥ ይቻላል፤ ግን በወጣትነቱ ሲሆን ነው የሚሻለው። ለዓመታት በግድ አየር የሳበ ማንቁርት እየላላ ወደ ውስጥ ይደረመሳል፤ እዚያ ከደረሰ ላንቃውን መቁረጥ ብቻውን አያድነውም።